በአገልጋይዋ ስም የተሠወረች ሐኪም
እንግሊዛዊቷ ደራሲ አሪያና ፍራንክሊን በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ሚስትረስ ኦቭ ዚ አርት ኦቭ ዴዝ» በተሰኘ ልብ ወለድ፣ በሳሌርኖ ሕክምና የተማረችው አዴሊያ፣ አይሁድ የተወነጀሉበትን የሕፃናት ግድያ እንድትመረምር በ1171 ወደ ካምብሪጅ ትላካለች። በዚያ አገር ሕክምና የምትሠራ ሴት ጠንቋይ መባሏ ስለሚያሰጋ፣ ሐኪሙ አገልጋይዋ መንሱር እንደሆነ ታስመስላለች። የመጽሐፉ ታሪካዊ ዋጋ ከዚህ መደበቅ ላይ ነው። ሙያዋም ቢሆን መሠረተ ቢስ ፈጠራ አይደለም፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ትሮታ የተባለች ሐኪም በሳሌርኖ ነበረች። ጉድለቱ በአነጋገሯ ይታያል፤ ስለ ጋብቻ ስትከራከር የእኛን ዘመን ምሁር ትመስላለች። መምህሩ ድፍረቷን ብቻ አወድሶ ካለፈ፣ ተማሪው የዚያ ዘመን ሴቶች ሁሉ እንደ እርሷ ይናገሩ የነበረ ይመስለዋል። ይልቁንስ በማን ፊት፣ ስለምን ዝም እንዳለች ማስጠየቅ ይሻላል።