ድሪቶ ስድብ ነው እንዴ?

አንድን መጽሐፍ ልናጣጥል ስንፈልግ «ድሪቶ ነው» እንላለን። ከቡልጋሪያ ብዙም በማይርቀው ጨርቆስ ያደገውን የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ሳይ ግን ይህ ስድብ አልዋጥ ይለኛል።

ኤልያስ ቀድሞ በክርና በልብስ ቁልፍ፣ በኋላ ደግሞ «ታይትሮፕ» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ በተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ሰሌዳዎች ሠርቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌም ታይቷል። ብዙ ጊዜ የሚወደሰው «ከቆሻሻ ጥበብ ሠራ» ተብሎ ነው። ይህ ውዳሴ ዕቃውን እንጂ አደራደሩን አያይም።

ድሪቶ ላይ ቦታ የሚመርጠው ቀዳዳው ነው፤ በተቀደደበት ይጣፋል፣ አለቀ። ኤልያስ ጋ የሚመርጠው ዓይን ነው። ደማቁ ከፈዛዛው ጎን ይውላል፤ ከተጨናነቀው ክፍል አጠገብ ጸጥ ያለ ሜዳ ይተዋል። ቀረብ ሲሉት ሽቦ፣ ራቅ ሲሉት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ የምትሰፋ ሴትም እንዲሁ ናት፦ መጀመሪያ መሬት ላይ ትደረድረዋለች፣ ራቅ ብላ ታያለች፣ ቀዩ አንድ ቦታ ከተከማቸ ትበትነዋለች። መርፌ የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

እና ድርሰትን «ድሪቶ» ከማለታችን በፊት እንጠይቅ፦ ቁራጩ እዚህ የገባው ቀዳዳ ለመድፈን ነው ወይስ ለጎረቤቱ ታስቦ? ስድቡ የሚገባው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።