ዞሮ ዞሮ ከቤት፦ የሽርሽር ጉዞ በአማርኛ ልቦለድ

1. መነሻ

በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ የሚጓዝ ሰው ሞልቷል፤ ለመዝናናት የሚጓዝ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደሆነ መጠየቅና የሽርሽር ጉዞ፣ በተለይም ያልተሳካ የሽርሽር ጉዞ፣ ለደራሲ ምን ዓይነት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ማመልከት ነው። ጥያቄው የመጣብኝ በራሴ ስሕተት ምክንያት ስለሆነ ከስሕተቱ ልነሣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በድርሰት ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ አጭር ልቦለድ አቀረበልኝ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዕቁብ ይደርሰዋል። ገንዘቡን ለቤት ዕቃ እንደማዋል ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለሁለት ሌሊት ላንጋኖ ለመሄድ ይወስናል። መቂ ሳይደርሱ ጎማ ይፈነዳል። ሲደርሱ ተይዞላቸው የነበረው ክፍል ለስብሰባ ተካፋዮች ተሰጥቷል፤ የተተካላቸው ክፍል ከማእድ ቤቱ ጀርባ ነው። ትንሿ ልጅ ሐይቁን አይታ «አባዬ፣ ውሃው ለምን ጭቃ ሆነ?» ትላለች። አባትዬው «ጥላ ነው» ይላታል። እሑድ ማታ ሰፈራቸው ሲገቡ ጎረቤት «እንዴት ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ሚስትዬው «በጣም ደስ ይል ነበር» ትላለች። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን ታያለች። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል።

በኅዳጉ ላይ የጻፍሁት አስተያየት ይህ ነበር፦ «ቋንቋህ ጥሩ ነው። ግጭት የለውም። ጉዳዩ ተራ ነው።» ውጤቱንም በዚያው መጠን ሰጠሁት። ዛሬ ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች የምቆምለት በመጀመሪያው ብቻ ነው።

2. ስለ ቃላቱ

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ራሱ ለዚህ ዓይነት ጉዞ እንግድነት ያሳያል። ሠራተኛ ለዕረፍት ሲወጣ «የዓመት ፈቃድ» ወጣ እንላለን፤ ቃሉ የሚያመለክተው አሠሪው መፍቀዱን ነው፤ ሠራተኛው ስለሚያደርገው ነገር ምንም አይልም። «ዕረፍት» የሚለውን ስንወስድ ግሡ «ዐረፈ» ነው፤ ዐረፈ ደግሞ ሞተም ማለት ነው። «አየር መለወጥ» የሚባለው በአብዛኛው ለሕመምተኛ ነው። «ሽርሽር» የሚለው ቃል ብቻ ከሥራ፣ ከሕመምና ከሞት ነጻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም ቢሆን ከቀላልነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቁም ነገረኛ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር አይመርጠውም።

ይህ ማለት ግን ሕዝቡ ለአጭር ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ መመለስን አያውቅም ማለት አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ሕዝብ ስንቁን ቋጥሮ፣ ወዳጁን አስከትሎ፣ ዘፈንና መዝሙር እየተቀባበለ ይሄዳል፤ ደስታውም ድካሙም የተሟላ ነው። ጠበል የሚሄደውም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እነዚህ ጉዞዎች ምክንያት ያላቸው መሆኑ ላይ ነው፤ ስለት አለ፣ በሽታ አለ፣ ንግሥ አለ። ደስታው በምክንያቱ ጥላ ሥር ይመጣል፤ ባይመጣም ጉዞው ከንቱ አይሆንም። ለደስታ ብቻ የወጣ ሰው ግን ደስታው ከቀረበት ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም።

ዋና ከተማችን ራሷ ከመታጠቢያ ጉዞ ጋር የተያያዘ ታሪክ እንዳላት ማስታወስ ይጠቅማል። የእንጦጦው ቤተ መንግሥት ሰዎች ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ሙቅ ውሃ ፍለጋ ከተወረደበት ቦታ ከተማ ተወለደ። የከተማይቱ ልቦለድ ግን ይህን የትውልድ ታሪክ ከቁም ነገር የቆጠረው አይመስልም።

3. ተጓዦቻችን

የአማርኛ ልቦለድ በጉዞ ተጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ዋህድ ከቤቱ የሚወጣው አባቱን ያስለቀቀውን ደግ ነጋዴ ፈልጎ ውለታ ለመመለስ ነው፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትንከራተተው የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ነው። የሁለቱም እግር የሚንቀሳቀሰው በዕዳና በፍቅር ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እኒሁ ደራሲ እዚያው ሮም፣ በዚያው ዘመን፣ ወደ አቢሲንያ ለሚመጣ መንገደኛ መምሪያ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ የንግግር መጽሐፍ ማሳተማቸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልቦለዳችን ደራሲ የመንገደኛ መምሪያም ደራሲ ናቸው። መምሪያው ግን የተዘጋጀው ለፈረንጁ መንገደኛ ነው። ለመጎብኘት መሄድ የፈረንጅ፣ ለመፈለግ መሄድ የሐበሻ ሆኖ ሥራው ገና ከመነሻው የተከፋፈለ ይመስላል።

በኋላም ክፍፍሉ ጸንቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ባሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብዙ ያያሉ፣ ብዙ ይደነቃሉ፤ ነገር ግን መልእክተኛ ናቸውና መሰልቸት አይፈቀድላቸውም። በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህ ለትምህርት ይሄዳል፣ ነፍሱን ለማዳን ይሸሻል፤ ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ የምትወጣው እሱን ፍለጋ ነው። በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ የሚገባው ለዘመቻ ሥራ ነው፤ የምሽቱ ጨዋታና ፍቅር የሚመጣው በሥራው ስንጥቅ በኩል ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ለምን መጣህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «እንዲያው ደስ እንዲለኝ» የሚል አንድም የለም።

ይህን የምለው ደራሲዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ምክንያት ያለው ጉዞ ለትልም ጽኑ አከርካሪ ይሆናል። የምጠይቀው ምክንያት የሌለውን ጉዞ ለምን ከልቦለድ ደጃፍ እንደመለስነው ነው።

4. የማስታወቂያው አማርኛ

ልቦለድ የተወውን ማስታወቂያ ወሰደው። በ1950ዎቹ የአገር ጉብኝት ሥራ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲደራጅ ለውጭ አገር ሰው የተነገረው መፈክር አሥራ ሦስት ወር የፀሐይ ብርሃን እንዳለን የሚያበሥር ነበር። በአማርኛ የተለመደው ግን «የ13 ወር ፀጋ» ነው። ፀሐይዋ የት ሄደች? መልሱ የአንባቢው ልዩነት ይመስለኛል። ከብርድ አገር ለሚመጣ ሰው ፀሐይ ተስፋ ናት። ሰኔ ሲገባ ሰማይ ሰማይ ለሚያይ ገበሬ ግን አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ማለት ድርቅ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ ፀጋ ገባች። ትርጉሙን የሠራው ሰው አንባቢውን ያውቅ ነበር፤ እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የጉብኝት አማርኛ ግን ይህን ጥንቃቄ አልወረሰም። «ዓይን የሚማርክ»፣ «ቀልብ የሚስብ»፣ «የተፈጥሮ ውበት የተላበሰ» የሚሉት ሐረጎች ከበራሪ ወረቀቱ ወጥተው ልቦለዳችን ውስጥ ገብተዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ላንጋኖ የሚለውን ስም አውጥታችሁ ሐዋሳ ብትተኩበት ዐረፍተ ነገሩ ምንም ካልሆነ ደራሲው ሐይቁን አላየውም። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ሆኖም በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ያጋጠመኝ ጥቂት ጊዜ አይደለም። የእኔ ተማሪ ልጅቷን «ለምን ጭቃ ሆነ?» ሲያሰኛት ግን ሐይቁን አይቶታል። እኔ ነኝ ያላየሁት።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ተረታችን። የማስታወቂያው ሙያ ይህን ተረት መሻር ነው፤ ያላየነውን አገር እንድንናፍቅ ያደርገናል። ስንደርስ የምናገኘው አገር የናፈቅነው አለመሆኑ የማይቀር ነው። በናፈቅነውና በደረስንበት መካከል ያለው ርቀት ምጸት የሚበቅልበት መሬት ነው።

5. እንግዳና ደንበኛ

አስተያየቴን የለወጠው ንድፈ ሐሳብ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን ድፎ ዳቦ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴን ለሁለት ቀን ቢሾፍቱ ልወስዳት ፈለግሁ። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ማንን ልንጠይቅ ነው?» የሚል ነበር። ማንንም እንደማንጠይቅ፣ ዐርፈን እንደምንመለስ አስረዳኋት። ዝም አለች፤ ያሳመንኋት መሰለኝ። ጠዋት ልወስዳት ስመጣ ድፎ ዳቦ ጋግራ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀችኝ።

የመዝናኛው በር ላይ ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ነበር። ጥበቃው ወጣት ነው፤ አፍሮ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው» አላት። እናቴ ግራ ተጋብታ «ታዲያ እንግዳ ባዶ እጁን ይገባል ልጄ?» አለችው። እሱም እኔም የምንመልሰው አጣን። በመጨረሻ ዳቦውን ቆርሳ ለጥበቃዎቹ አካፈለቻቸው፤ እነሱም ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። በሁለቱ ቀን ውስጥ እንደ ሰው የተስተናገደችው በዚያች ቅጽበት ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የቀዘቀዘ ምግብ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ የሠርግ ሙዚቃ ነበር፣ በሒሳቡ ላይ ያልጠበቅነው ጭማሪ ነበር። ቤቷ ስትገባ እኅቴ «እንዴት ነበር?» አለቻት። እናቴ እኔን አየችኝና «እሰይ፣ በጣም ዐረፍሁ» አለች።

ያኔ የተማሪዬ ታሪክ ትዝ አለኝ። «ግጭት የለውም» ያልሁበት ታሪክ ሁለት ግጭቶች ነበሩት። አንደኛው በእንግዳና በደንበኛ መካከል ያለው ነው። ልቦለዳችን እንግዳን አሳምሮ ያውቃል፤ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የሚመታ መንገደኛ፣ እግሩን አጥባ የምታሳድር ባለቤት። የመዝናኛው ተጓዥ ግን ከፍሎ የገባ ነው፤ እንግዳ ይባላል እንጂ ደንበኛ ነው። ሰውየው ክፍሉ ለሌላ ሲሰጥበት የሚሰማው ቁጣ የደንበኛ ነው፤ ዝም እንዲል የሚያደርገው ይሉኝታ ግን የእንግዳ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ሲጋጩ ተማሪዬ አሳይቶኝ ነበር።

ሁለተኛውና ጠላቂው ግጭት ደስ ብሎኛል የማለት ግዴታ ነው። ለለቅሶ የሄደ ሰው ማልቀስ እንዳለበት፣ ለሽርሽር የሄደም መደሰት አለበት። የዕቁብ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ጎረቤት አይቶታል፤ ካልተደሰተ ገንዘቡም ክብሩም ይጠፋል። ስለዚህ ሚስትዬው ትዋሻለች፤ ውሸቷ ባሏን ለማዳን ነው። እናቴም የዋሸችው እኔን ለማዳን ነው። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን ስታይ የምታየው ፍቅር በሐሰት ልብስ ተሰውሮ ነው። ጦቢያና ሰብለ ወንጌል በሌላ ሰው ልብስ ተሰውረው በተጓዙበት ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ይህ መሰወር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተለወጠው ልብሱ ብቻ ነው።

6. አንድ ተቃውሞ

«ብዙኃኑ የዕለት ጉርስ በሚያሳስበው አገር ሽርሽር የጥቂቶች ቅንጦት ነው፤ ደራሲ ምን አገባው?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኔም በኅዳጉ ላይ «ተራ ነው» ስል የጻፈው እጄ ብቻ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የሥነ ጽሑፍን ዋጋ በትግል ጉዳይ መመዘን ተለምዶ ነበር፤ ያ ሚዛን ከመድረክ ቢወርድም ከቀይ እስክሪብቶ አልወረደም።

ተቃውሞው ግን ራሱን ይመልሳል። ቅንጦት ከሆነ፣ ቅንጦትን ለሁለት ሌሊት በዕቁብ የሚገዛ ሰው የኑሮ ልዩነትን ከማንም በላይ ያሳያል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ፣ በአበል የመጣው ተሰብሳቢና በዕቁብ የመጣው አባት በአንድ ግቢ የሚገናኙበት ሌላ መቼት ማግኘት ቀላል አይደለም። ተራ ነገርን ስለመጻፍም ቢሆን አርኣያ አላጣንም፤ መስፍን ሀብተማርያም በ«የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» የከተማን የዕለት ተዕለት ነገር ለንባብ አብቅተዋል። ቡና ቤት ከተጻፈለት መዝናኛ የማይጻፍለት ምክንያት አይታየኝም።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» የሚለው አባባል የጉዞን መጨረሻ ከሕይወት መጨረሻ ጋር ያስተካክላል። የሽርሽር ታሪክም የሚያበቃው በቤት ደጃፍ ነው፤ እውነተኛው ጥያቄም የሚጠየቀው እዚያ ነው፦ «እንዴት ነበር?» ደራሲው መጻፍ ያለበት የዚህን ጥያቄ መልስ ነው፤ በአፍ የተነገረውንም፣ ያልተነገረውንም።

ተማሪው ተመርቆ ሄዷል፤ ውጤቱን ማረም አልችልም። የኅዳጉን አስተያየት ግን በዚህ ጽሑፍ አርሜዋለሁ።