ወንዙም ትራክተሩም ሲሮጡ

መተማ አካባቢ ገንዳ ውሃ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው “ረን” የሚለውን ግሥ ለማስረዳት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ክረምት ላይ ጓንግ ሞልቶ ሲወርድ ፈረንጁ ወንዙ ረን ያደርጋል ይላል። በሰሊጥ ማሳው ላይ የትራክተሩ ሞተር ረን ያደርጋል። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድም እንደዚሁ። ነጋዴው ሱቁን፣ ባለሀብቱ እርሻውን ረን ያደርጋሉ። ከሱዳን የመጣ ጨርቅ ታጥቦ ቀለሙን ሲለቅም ግሡ ያው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በአማርኛ የሚሮጥ አንድም የለም።

ከታችኛው ክፍል የሚመጡልኝ ተማሪዎች ግን በደብተራቸው ላይ “ረን”፣ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ “ሮጠ” ብለው ጽፈው ነው የሚመጡት። የሥራዬ ትልቁ ክፍል ያቺን የእኩል ምልክት መፋቅ ነው። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ “ሲሮጥ” ያየ ልጅ ጥያቄውን ሳይረዳው ያልፋል፤ ፊዚክስ ስለማያውቅ ግን አይደለም።

የግሡ ስፋት ለእንግሊዞቹም ራስ ምታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ረጅሙን ቦታ የያዘው “ሴት” (set) የሚለው ግሥ ነበር። በኋላ ለአዲሱ እትም “ረን”ን እንዲያዘጋጅ ሥራው የተሰጠው ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር ገደማ ፈጅቶበት ለግሡ ብቻ 645 ፍቺ ለየ፤ “ረን”ም “ሴት”ን በለጠ። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ያሳምነኛል፦ ማሽን ነው። ሞተሩ፣ ሰዓቱ፣ ባቡሩ፣ ኋላም ኮምፒውተሩ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በተፈጠረ ቁጥር እንግሊዝኛ ያንኑ አሮጌ ግሥ አለበሰው። እኛ ደግሞ ለማሽኑ “ይሠራል” የሚለውን ሰጠነው፤ መኪናም ሰዓትም ወፍጮም ይሠራሉ። እኛ ማሽኑን እንደ ሠራተኛ፣ እነሱ እንደ ሯጭ ያዩታል። በአትሌት የሚታወቀው አገር የእኛ ሆኖ ሳለ!

645 ፍቺ ማንም አያስተምርም። እኔ የማስተምረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ረን የሚያደርገው ማን ነው? ሰው ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ ሞተር ነው፣ መንገድ ነው ወይስ ጊዜ? ባለቤቱ ከታወቀ የአማርኛው ግሥ ራሱ ይመጣል። ፈሳሽ ከሆነ ይፈስሳል ወይም ይወርዳል፤ መንገድ ከሆነ ይዘልቃል፤ ቀለም ከሆነ ይለቃል። ቀጥሎ ተሳቢውን ይጠይቃሉ። ሱቅ፣ እርሻ ወይም ድርጅት ከተከተለው ማስተዳደር ነው። ትኩሳት ከተከተለው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቆላችን ወባና ካላዛር የሚመላለሱበት ስለሆነ ይህን ምሳሌ የማያውቅ ልጅ የለም። እንግሊዝኛው በሽተኛው ትኩሳቱን ረን ያደርጋል ይላል፤ በእኛ ግን ትኩሳቱ ነው ሰውየውን የሚይዘው። ባለቤቱ ተሳቢ፣ ተሳቢው ባለቤት ይሆናል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ለመሥራት የሚያስቡ ልጆች እዚህ ላይ ጆሯቸውን ይሰጡኛል።

በመተማ ለማስተማር የሚያግዝ አንድ ነገር አለ፤ ዐረብኛ። ቤተሰቡ ከድንበሩ ማዶ ካለችው የሱዳን ከተማ ከገላባት ጋር የሚነግድ ወይም በድንበሩ አካባቢ ያደገ ልጅ “ጀራ” የሚለውን የዐረብኛ ግሥ ያውቃል። “ጀራ” ሰውም ሲሮጥ፣ ውሃም ሲፈስ፣ ነገርም ሲሆንና ሲደርስ የሚነገር ነው። ስለዚህ ወንዝ ረን ያደርጋል ስል ከደጋ የመጣው ልጅ ግንባሩን ሲቋጥር የድንበሩ ልጅ ቀድሞ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ አስነስቼ ለሌሎቹ እንዲያስረዳ አደርጋለሁ። ዐረብኛን የገበያ ቋንቋ ብቻ አድርገው የሚያዩ አስተማሪዎች አሉ፤ በእጃቸው ያለውን መሣሪያ አላዩትም።

አማርኛ ብቻ ለሚያውቁት ደግሞ “ጣለ”ን አወጣላቸዋለሁ። እናንተስ “ጣለ” ስንት ነገር ነው? ማን ጣለ? ምን ጣለ? እላለሁ። ክፍሉ ይደምቃል። ዝናብ ጣለ። ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። እናቴ ዕቁብ ጣለች። ጠጅ ጣሉ። ድንኳን ጣሉ። መሠረት ጣለ። ቀን ጣለው። በሬው ሰውየውን ጣለው። ጥርሱን ጣለ። ፈረንጅ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ተምሮ “ጠጅ ጣሉ” ሲባል ቢሰማ ያ ሁሉ ጠጅ መሬት ላይ ፈሰሰ ብሎ ያዝናል። ልጆቹ በዚህ ሲስቁ ስለ “ረን” ያለባቸው ፍርሃት ይቀላል።

ቀጥሎ የሚመጡት እነዚያ ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ ግሡን ተከትለው ትርጉሙን የሚያዞሩት። “ረን አውት” አለቀ ነው፤ “ረን ኢንቱ” ከሰው ጋር ድንገት ተገናኘ ወይም ተጋጨ፤ “ረን ኦቨር” በመኪና ገጨ፤ “ረን አዌይ” ኮበለለ። የሚሸመደዱ ይመስላሉ። እኔ ግን አማርኛው ያንኑ ሥራ በሌላ በኩል እንደሚሠራው አሳያለሁ። ሮጠ፣ አስሮጠ፣ ተሯሯጠ። “ተሯሯጠ” ስንል ስለ እግር ብቻ አናወራም፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጉዳይ መድከምን ነው። እንግሊዝኛ ከግሡ በኋላ የሚቀጥለውን እኛ እዚያው ግሡ ሆድ ውስጥ እንከተዋለን። ይህን ያየ ልጅ ትንንሾቹን ቃላት እንደ ትርፍ መቁጠር ይተዋል።

ተመሳሳይ ቃል የሚባለውን ነገር ግን አልወደውም። በየአጋዥ መጽሐፉ ከ“ረን” ሥር ስፕሪንት፣ ዳሽ፣ ቦልት፣ ፍሊ ተብለው ይደረደራሉ፤ ተማሪውም ደስ ያለውን ያነሣል። በአማርኛ ይህን የሚያደርግ አለ? ፈረጠጠ፣ ሸሸ፣ ገሰገሰ፣ ኮበለለ፣ ሶመሶመ፣ ፈትለክ አለ፣ እብስ አለ። ገስጋሹ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፣ ሸሺው ከአንድ ነገር ይርቃል። “ፈረጠጠ” ውስጥ ንቀት አለበት። “እብስ አለ” ያልነውን ሰው ደግሞ ሲሮጥም አላየነው፤ ዞር ስንል አጣነው እንጂ። እያንዳንዱ ቃል የተናጋሪውን ፍርድ ተሸክሟል።

ፍርዱ የሚከብደው ደግሞ እዚሁ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት ተመትተው ሠራዊታቸው ወደ ኋላ ሲመለስ ምን አደረገ እንበል? አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ድርሰቱ ላይ ሠራዊቱ ረን አደረገ ብሎ ከጻፈ ፈረጠጠ ማለቱ ነው። ሪትሪት ካለ አፈገፈገ ማለቱ ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ቀን የተጻፉ ሁለት ታሪኮች ናቸው። የትኛውን እንደሚመርጥ አልነግረውም፤ መምረጡን ሳያውቅ እንዳይመርጥ ግን አስጠነቅቀዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ሲጎርፍ ይህ የክፍል ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተከፈተ፤ ዐረብኛም እንግሊዝኛም የሚችሉ ወጣቶች ለአስተርጓሚነት ተፈለጉ። አስተርጓሚ ለመሆን ለሚዘጋጁ ልጆች አጥብቄ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ሰውየው ሕይወቱን ለማዳን ሸሽቶ ከሆነ “ፍሊ” በሉ፤ “ረን አዌይ” ካላችሁ ከአባቱ ቤት የኮበለለ ጎረምሳ ታስመስሉታላችሁ። መድኃኒቴ አልቋል ካለ “ረን አውት ኦፍ”፤ መድኃኒቴን ጥዬ ወጣሁ ካለ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ቅጹን የሚሞላው ሰው የሚጽፈው አስተርጓሚው ያለውን ነው።

ለዚህ ሥራ አንድ መጽሐፍ ምረጥ ብባል ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እመርጣለሁ። ቃሉን ብቻውን አይተወውም፤ በዓረፍተ ነገር አስገብቶ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ከጎኑ ያስቀምጣል። አማርኛው አንዳንድ ቦታ ያረጀ ይመስላል፤ ይሁን። በስልክ ላይ ያለው መተርጎሚያ አዲስ ነው፤ ልጁ ግን ቃሉን ብቻውን ጽፎ ሲጠይቀው መልሶ “ሮጠ” ይለዋል።

ምርጫ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ክርክር ይነሣል። አሜሪካኖቹ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ይሮጣል ይላሉ፤ እንግሊዞቹ ደግሞ ይቆማል። “ታዲያ ቲቸር፣” አለ አንዱ ከኋላ ወንበር፣ “እኛ ጋ የተቀመጡት የትኛውን አድርገው ነው?” እኔም ደወሉ እስኪደወል ድረስ ሰሌዳ ማጥፋት ቀጠልኩ።