አፎቱን ያዩ ዳኞች

ጥሩ ኪርፓን ከአፎቱ ሲወጣ መጀመሪያ ትንሽ ያንገራግራል፤ ከዚያ ይለቃል። አፎቱን ቁልቁል ቢደፉት ብረቱ አይወድቅም፣ ቢነቀንቁትም አይንኳኳም። እንዲህ የሚሆነው የአፎቱ እንጨት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ በብረቱ ልክ ተቦርቡሮ፣ ተመልሶ ስለተጣበቀ ነው፤ አፉ ላይ ደግሞ ሠሪው ብረቱን በስሱ ቆንጥጦ የሚይዝ ጠበብ ያለ ቦታ ይተዋል። ገበያተኛው ዓይኑን የሚጥለው እጀታው ላይ በተቀረጸው ጌጥ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው አፎቱን ነው፤ ሠሪው ቸኩሎ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነውና።

ኪርፓን የተጠመቁ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከገላቸው የማይለዩት ጎበጥ ያለ ባለ አንድ ስለት ጎራዴ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚይዘው በጩቤ መጠን ያለውን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ነገሩ የተደነገገው በ1699 ነው። በዚያ ዓመት በባይሳኪ በዓል ቀን፣ በፑንጃብ አናንድፑር፣ አሥረኛው መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ኻልሳ የተባለውን የምእመናን ማኅበር መሠረቱ። ወደ ማኅበሩ የሚገባው ሰው በብረት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በባለ ሁለት ስለት ሰይፍ የተማሰለ ስኳር ያለበት ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ በልዩ መልክ የተሰፋ የውስጥ ሱሪና ኪርፓን አይለዩትም።

ሰይፉ ከሃይማኖቱ ጋር የተጋባው ግን ከዚያ በፊት ነው። አምስተኛው መምህር ጉሩ አርጃን በ1606 ላሆር ውስጥ በሞጎል መንግሥት እጅ ሞቱ። ልጃቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ በቦታቸው ሲተኩ ሁለት ጎራዴ ታጠቁ፤ አንዱ የምድራዊ ሥልጣን፣ ሌላው የመንፈሳዊ ሥልጣን ምልክት ነበር። በ1675 ደግሞ ዘጠነኛው ጉሩ ቴግ ባሃዱር ዴልሂ ላይ አንገታቸው ተቀላ። የሲኮች ትውፊት እንደሚለው የሞቱት የራሳቸውን ሳይሆን የሂንዱ ጎረቤቶቻቸውን የማምለክ መብት ሲከላከሉ ነው። ጎቢንድ ሲንግ የእኚህ ሰው ልጅ ናቸው። ስለዚህ ኪርፓን የሚታጠቅ ሰው የተበዳይ ጠበቃ ለመሆን የገባውን ቃል ታጥቆ ይሄዳል። በጉሩድዋራ፣ ማለትም በጸሎት ቤታቸው፣ ለምእመናን የሚታደለው ጣፋጭ ገንፎ የሚባረከውም በኪርፓን ጫፍ ተነክቶ ነው። ማተቡን በጥምቀት አስሮ እስከ መቃብር የማይበጥስ ክርስቲያን ባለበት አገር ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ልዩነቱ ማተብ አይቆርጥም፤ ኪርፓን ይቆርጣል። የሕጉ ጣጣም የሙያው ውበትም የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

ወደ ሙያው እንመለስ። የማሃራጃ ራንጂት ሲንግ መንግሥት ላሆር ላይ በነበረበት ዘመን፣ እሳቸው በ1839 እስኪሞቱ ድረስና ከዚያም ትንሽ ቆይቶ፣ የፑንጃብ አንጥረኞች ሁለት ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አንደኛው ብረቱ ነው። ምርጡ ብረት የሚገኘው በተደፈነ የሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ከከሰል ጋር ቀልጦ፣ በጣም በዝግታ ከቀዘቀዘ ጉብታ ነበር። ያን ጉብታ ወደ ስለት የሚቀጠቅጠው ሰው እሳቱን መፍራት አለበት፤ ከልክ በላይ ከጋለ በውስጡ ተሰልፈው የነበሩት የካርባይድ ቅንጣቶች ይሟሙና የብረቱ መልክ ይጠፋል። እሳቱን ካወቀበት ግን፣ ተቀጥቅጦ፣ ተሞርዶ፣ ብረትን በሚበላ የማዕድን ፈሳሽ ሲታጠብ ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀጫጭን የሞገድ መስመሮች ይወጣሉ። ማንም የሳላቸው አይደሉም፤ በየመሐሉ የታየው ትዕግሥት ራሱ ነው ተሰልፎ የሚታየው።

ሁለተኛው ኮፍትጋሪ የሚባለው የወርቅ ሥራ ነው። በዚህ ሙያ ስማቸው የተጠራው ሲያልኮትና ጉጅራት፣ ሁለቱም ዛሬ በፓኪስታን በኩል ያለው ፑንጃብ ውስጥ ናቸው። ሠሪው የእጀታውን ብረት በሹል መቆርቆሪያ ወዲያና ወዲህ እየፋቀ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጭረቶች ያወጣበታል፤ ገጹ ይሻክራል። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የወርቅ ክር በአበባና በሐረግ መልክ እየዘረጋ በቀላል መዶሻ ይመታዋል። ጭረቶቹ ወርቁን ነክሰው ይይዙታል። አሙቆ እንደገና ይመታዋል፤ በመጨረሻም በለሰለሰ ድንጋይ ያሸዋል። ማጣበቂያ የለም። አንድ አሮጌ እጀታ ላይ ወርቁ የተላጠበትን ቦታ በማጉያ መነጽር ማየት ለእኔ ካልተላጠው የበለጠ ደስታ አለው፤ ጭረቶቹ እዚያው ናቸው፣ የሰውዬው እጅ አቅጣጫ ሳይቀር ይነበባል። በ1849 እንግሊዝ ፑንጃብን ከጠቀለለች በኋላ ጎራዴ የሚያዝዝ መኳንንት ጠፋ፤ ያ ሁሉ ጥበብ ለአውሮፓ ገዢዎች ወደ ቀለም መያዣ፣ ሣጥንና ትሪ ዞረ።

ዛሬ በአምሪትሳር፣ በወርቃማው ቤተ መቅደስ ዙሪያ ባሉት ሱቆች፣ ኪርፓን በየግድግዳው ተደርድሮ ይሸጣል። አብዛኛው በማሽን ከቆርቆሮ ብረት ተቆርጦ፣ በመፍጫ ድንጋይ ተስሎ፣ በሚያብለጨልጭ ቅብ የተለበጠ ነው። እጀታው በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ ጌጡን በጥፍር ቢነኩት ጠርዙ ዶልዷማ ነው። አልወደውም፣ ነገር ግን ሥራውን ይሠራል፤ ለድሃውም ይደርሳል። ከቅቡ ይልቅ ሳርብሎህ የሚሉትን ያልተለበጠ ንጹሕ ብረት የሚመርጡ አሉ። ይህ ብረት ይጠቁራል፣ ችላ ካሉት ይዝጋል፤ ባለቤቱ እየወለወለ ዘይት ሊቀባው ግድ ነው። በየቀኑ የሚታይ ነገር ስለሆነ እኔም የምመርጠው እሱን ነው።

ስለ ማንገቻውም ሁለት ቃል። ጋትራ ይባላል፤ በቀኝ ትከሻ ላይ ተነግቶ በግራ ወገብ በኩል ይወርዳል፣ ኪርፓኑም እዚያ ይቀመጣል። ተራ የጨርቅ ጥብጣብ ነው፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ። ማንም አያደንቀውም። ግን አፎቱ የሚገባበት ኪስ ስፌት ከላላ የጎራዴው ዋጋ ምንም ይሁን ምን፣ ሰውየው ጎንበስ ሲል ይወድቃል። በዘመናችን ከታወቁት የኪርፓን ክርክሮች አንዱ የተነሣው ከአንድ ኪርፓን መውደቅ ነው።

በኅዳር 2001 ሞንትሪያል ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ የአንድ ታዳጊ ተማሪ ኪርፓን መሬት ላይ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። የትምህርት ቦርዱ መጀመሪያ ታሽጎ በልብስ ሥር ይዋል ብሎ ነበር፤ በኋላ ጭራሽ ከለከለ። ነገሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየተንከባለለ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2006 መጋቢት ላይ ውሳኔ አገኘ። ዳኞቹ በውጤቱ ላይ አልተለያዩም፤ ብዙኃኑ ጨርሶ መከልከል የሃይማኖት ነፃነትን ይጥሳል አሉ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሉዊዝ ሻሮን ናቸው።

ይህን ፍርድ እንደ እጅ ሥራ ነው የማነበው። በሥር ፍርድ ቤት ወጥተው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተገቢ ናቸው ያላቸው ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው፦ ኪርፓኑ ከልብስ ሥር ይሁን፤ አፎቱ የብረት ሳይሆን የእንጨት ይሁን፤ አፎቱ ከነኪርፓኑ በጠንካራ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰፋ፤ ጨርቁም በተራው ከማንገቻው ጋር ይሰፋ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ይህ መፈጸሙን በአግባቡ ማየት ይችላሉ። የተማሪው ድርሻ ደግሞ ኪርፓኑን ከራሱ አለመለየት፣ ከጠፋበትም ወዲያው መናገር ነው። የወደቀውን በስፌት መለሱት። ብረቱን አላጠፉትም፣ ሃይማኖቱን አልዳኙትም። ልጁ ኪርፓኑን ከአፎቱ ሊመዝ ቢፈልግ መጀመሪያ ክር መተርተር አለበት፤ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መቀስ አለ፣ እርሳስ አለ፣ የቤዝቦል ዱላ አለ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ፍርዱም አንሥቶታል። ሲኮች በካናዳ ትምህርት ቤቶች በተማሩበት አንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከኪርፓን ጋር የተያያዘ አንድም የኃይል ድርጊት እንዳልተመዘገበም ጽፏል። ልጁ ራሱ ግን ያን ጊዜ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሄዷል፤ ፍርዱ የጠቀመው ከእሱ በኋላ የመጡትን ነው።

ሕግ አውጪዎችም እንዲሁ በሴንቲሜትርና በስፌት የሚያስቡ ከሆነ ሥራቸው ያምራል። በእንግሊዝ የ1988ቱ ሕግ በአደባባይ ስለት መያዝን ይከለክላል፤ በሃይማኖት ምክንያት የያዘ ግን ይህ መከላከያው እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። በኋላ ሃምሳ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎባጣ ጎራዴ ሲታገድ ርዝመቱ የሚለካው ጉብጠቱን ተከትሎ ሳይሆን ከእጀታው አናት እስከ ጫፉ በቀጥታ መስመር እንደሆነ ደነገጉ። ጎባጣ ብረት በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። የ2019ኙ ሕግ ደግሞ ሲኮች ለክብር የሚሸላለሙትን ረጅሙን ኪርፓን ጭምር ከለላ ሰጠው።

ሕንድ በበኩሏ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው። በቅኝ ግዛት ዘመን የ1878ቱ የመሣሪያ ሕግ ስለነበረ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኪርፓን የታጠቁ ሲኮች ይታሰሩ ነበር። በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ማብራሪያ ኪርፓን መልበስና መያዝ የሲክ ሃይማኖትን የመግለጽ አካል እንደሆነ አስፍሯል። መልበስም መያዝም ብሎ ሁለቱን ግሦች ማስገባቱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለክርክር ቀዳዳ አልተወም። ዛሬ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ሲክ መንገደኛ ስለቱ ከ15.24፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ22.86 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ኪርፓን ይዞ ይሳፈራል። ካናዳም ከ2017 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ከሚሄደው በስተቀር እስከ ስድስት ሴንቲሜትር ትፈቅዳለች።

ያልተዋጣለት ሥራም አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ከ2.5 ኢንች ያነሰ የኪስ ቢላዋ ነፃ ነው። ሂዩስተን ውስጥ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ስለቱ ሦስት ኢንች የሆነ፣ ዶልዷማ ኪርፓን በመያዟ በ2006 ከሥራ ቦታዋ ተመለሰች፤ ነገሩ በስምምነት ያለቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ ለካ እንጂ ስለቱን በጣቱ አልነካም። በ2017 የጣሊያን ሰበር ችሎት 18.5 ሴንቲሜትር ኪርፓን ወገቡ ላይ የታጠቀን ስደተኛ የሁለት ሺህ ዩሮ ቅጣት አጸናበት፤ ምክንያቱም መጤ ሰው ከተቀበለው ኅብረተሰብ እሴት ጋር መስማማት አለበት የሚል ነበር። ርዝመቱ ሊያሳስብ ይችላል፣ አልክድም። ነገር ግን ስለ እሴት መስበክ የዳኛውን ሥራ ያቀልለታል፤ አፎት፣ ክር፣ ልብስ የሚሉት ቃላት ከተነሡ ግን መካከለኛ መንገድ መፈለግ ግድ ይሆናል።

በአውስትራሊያ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በ2021 ሲድኒ ውስጥ አንድ ተማሪ በኪርፓን ሌላውን ወጋ። የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት በድንጋጤ ኪርፓንን ከትምህርት ቤት አገደ፤ ድንጋጤው ተገቢ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሲኮች ጋር ተቀምጦ ከ8.4 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ሹል ጫፍና ስለት የሌለው፣ ከልብስ ሥር በጥብቅ የተያዘ ይሁን ብሎ ፈቀደ። በ2023 ደግሞ የኩዊንስላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የዚያን ግዛት የትምህርት ቤት ክልከላ ከዘር መድልዎ ሕጉ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው።

እንግዲህ በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተን ወይም በለንደን በፍተሻ በር ላይ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። የቆማችሁበት ቦታ ደንብ ኪርፓን አይገባም የሚል ከሆነ አይገባም፤ ያን መናገር ሥራችሁ ነው። ግን እጃችሁን ሰዳችሁ አትንጠቁት። ባለቤቱን ምን እንደያዘ በአክብሮት ጠይቁት፣ ጥግ ስጡት፣ ራሱ ይፍታው። ከነአፎቱ በሁለት እጅ ተቀበሉት፤ እንዳይጠፋም ስሙን ጻፉበት።