ያልተመለሰው ጥያቄ፦ ፓትሮክለስ በኤውሪጲሎስ ጎጆ

የሆሜርን «ኢሊያድ» አንጓ በአንጓ የበለቱት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናውያን ሊቃውንት ካነሷቸው ስሞታዎች አንዱ የፓትሮክለስ መዘግየት ነበር። የአኪሌስ ባልንጀራ ፓትሮክለስ በ11ኛው መጽሐፍ «ሄደህ ጠይቀህ ና» ተብሎ ይላካል፤ ላኪው ፊት ተመልሶ የሚቆመው ግን በ16ኛው መጽሐፍ ነው። በመካከሉ ቅጥር ይፈርሳል፣ ዜውስ በሚስቱ ተታልሎ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ጦርነቱ ከሜዳው ተነሥቶ መርከቦቹ ሥር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን መልእክተኛው ኤውሪጲሎስ የሚባል አንድ ቁስለኛ በጎጆው ያስታምማል። ለእነዚያ ሊቃውንት ነገሩ በተለያየ ዘመን የተደረሱ ግጥሞች የተገጣጠሙበት ስፌት ሆኖ ታያቸው። ቮልፍጋንግ ሻደቫልት እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ጥናቱ ይህንኑ 11ኛ መጽሐፍ መነሻ አድርጎ ግጥሙ ከመጀመሪያው የታሰበበት መሆኑን ከተከራከረ ወዲህ፣ ስፌት ይባል የነበረው ብዙው ነገር እንደ ዕቅድ ይነበባል።

እኔም ዕቅድ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም መዘግየቱን በሴራ ጥቅም ብቻ የሚያስረዱት፣ ማለትም ቅጥሩ እስኪፈርስ ፓትሮክለስን የሆነ ቦታ ማቆየት ስላስፈለገ ነው የሚሉት፣ ነገሩን በግማሽ የተዉት ይመስለኛል። ፓትሮክለስ አደጋውን እንዲያጣራ ተልኮ ነበር፤ ያጣራውም በማስታመም ነው። ከዚያ ጎጆ ይዞት የወጣው መልስ የተላከበትን ጥያቄ አይመልስም።

ከላኪው እንጀምር። አኪሌስ ከጦርነቱ የወጣው በኩርፊያ ነው። የጦሩ አዛዥ አጋሜምኖን በሠራዊቱ ፊት ምርኮኛውን ብሪሴይስን ነጠቀው፤ እሱም ከሸንጎም ከሜዳም ቀርቶ መርከቦቹ አጠገብ ተቀመጠ። እናቱ ቴቲስ አቤቱታውን ለዜውስ ለማድረስ እንኳ ወዲያው አልቻለችም፤ ዜውስ በውቅያኖስ ዳር ወደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዷል፣ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን ነው። (የኢትዮጵያ ስም በዚህ ግጥም መነሣቱን ደስ ብሎን የምንጠቅስ ብዙ ነን። ያ ግብዣ ለአኩራፊው ያተረፈለት ነገር ሰሚ የሌለበት የብቸኝነት ሰሞን መሆኑን ግን እምብዛም አናነሣም።) ገጣሚው በእነዚያ ቀናት ስለ አኪሌስ የሚነግረን ልቡ በናፍቆት እየመነመነ መሄዱን ነው፤ የሚናፍቀውም ትቶት የወጣውን ጦርነት ነው። ይህ ዓለም በቃኝ ያለ ሰው አይደለም። በ9ኛው መጽሐፍ ሽማግሌ ሲላክበት ክራር እየመታ የጀግኖችን ዝና ሲያዜም ያገኙታል፤ ክራሩም ራሱ የዘረፋ ምርኮ ነው። ካሣውን አልቀበልም ይላል። ሆኖም ለኦዲሴዎስ «ነገ ወደ አገሬ እቀዝፋለሁ» ያለው፣ ለፊኒክስ «ሲነጋ እንመክርበታለን» ይሆናል፤ አያስ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ሄክቶር መርከቦቼ ድረስ ሳይመጣ አልዋጋም» ላይ ይቆማል። አንድ ሰው በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ ማለት ነው።

ስለዚህ በ11ኛው መጽሐፍ በመርከቡ ጀርባ ላይ ቆሞ ሽሽቱን ሲመለከት ብናገኘው አያስገርምም። አንድ ሠረገላ ያልፋል፤ ሽማግሌው ኔስቶር ቁስለኛ ጭኗል። ቁስለኛው ከኋላ ሲታይ ማካዖንን ይመስላል፤ ፈረሶቹ ግን ስለፈጠኑ አኪሌስ ፊቱን አላየውም። ፓትሮክለስን ይጠራል፣ ጠይቅ ይለዋል። ገጣሚው እዚሁ ላይ ቆም ብሎ የፓትሮክለስ ጥፋት ከዚህ እንደጀመረ ይነግረናል። እርግጠኛ ለመሆን መሄድ ያስፈልጋል፤ አኪሌስ ከሄደ ደግሞ ኩርፊያው ፈረሰ። ስለዚህ ሌላ ሰው ይሄድለታል። የ«ኢሊያድ» ሐዘን ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህች ውክልና ይመስለኛል፤ የጦር ልብሱን ለፓትሮክለስ ማዋሱ በኋላ የመጣ፣ የዚችው የመጀመሪያዋ ተከታይ ነው።

ኔስቶር ጎጆ ውስጥ ስለሆነው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቁስለኛው በእርግጥም ማካዖን ነው፤ የአስክሊፒዮስ ልጅ፣ የሠራዊቱ ሐኪም፣ በፓሪስ ባለሦስት ጫፍ ቀስት ቀኝ ትከሻውን የተመታ። ፓትሮክለስ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ሲያየው ጉዳዩ አለቀ። አልቀመጥም፣ የላከኝ ሰው ቁጡ ነው ይላል። ኔስቶር ግን (ሲጀምር ማቆም አይችልበትም) ወደ 150 በሚጠጉ ስንኞች ያቆየዋል፤ የወጣትነት ገድሉን ይተርካል፣ የፓትሮክለስ አባት ልጁን ሲሸኝ «በትውልድ አኪሌስ ይበልጥሃል፣ በዕድሜ ግን አንተ ነህና ምከረው» ማለቱን ያስታውሰዋል፣ በመጨረሻም «እሱ እምቢ ካለ አንተ ልብሱን ለብሰህ ውጣ» የሚለውን ሐሳብ ይዘራበታል።

ፓትሮክለስ እየሮጠ ሲመለስ ኦዲሴዎስ መርከቦች ዘንድ ኤውሪጲሎስን ያገኘዋል። ጭኑ ላይ ቀስት ተሰክቷል፤ ያነክሳል፤ ላቡ ከራሱና ከትከሻው ይወርዳል፤ ደሙ አልቆመም፤ አእምሮው ግን ንቁ ነው። ገጣሚው እዚህ ላይ አማራጮችን አንድ በአንድ ይዘጋል። የሠራዊቱ ሐኪሞች ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ማካዖን ራሱ ሐኪም የሚሻ ቁስለኛ ሆኗል፣ ፖዳሌይሪዮስ ውጊያ ላይ ነው። ሦስተኛ ባለሙያ አለ፤ ከኪሮን፣ ከፈረስ-ሰቡ መምህር፣ መድኃኒት የተማረ፤ እሱም አኪሌስ ነው፣ አኩርፎ ተቀምጧል። ኤውሪጲሎስ ፓትሮክለስን የሚለምነው ይህን የኪሮንን ትምህርት ከአኪሌስ ተቀብለሃል ይባላልና እርዳኝ ብሎ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሥራ ያልፈታ የሕክምና እጅ የደቀ መዝሙሩ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው።

«ኢሊያድ» ጀግኖች በሁለት ሐሳብ ሲከፈሉ የታወቀ ወግ አለው፦ ጀግናው ለብቻው ይቀራል፣ ከገዛ ልቡ ጋር ይነጋገራል፣ ከዚያ ይወስናል። ኦዲሴዎስ በዚሁ 11ኛ መጽሐፍ እንዲህ ያደርጋል፤ ምኒላዎስ በ17ኛው፣ ሄክቶር በ22ኛው። ፓትሮክለስ ግን ይህ ወግ አልተሰጠውም። «ምን ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀው ልቡን ሳይሆን ቁስለኛውን ነው። መልእክት መያዙን ይነግረዋል፣ ሆኖም በዚህ ጭንቀትህ ጥዬህ አልሄድም ይለዋል፣ ደግፎም ወደ ጎጆው ይወስደዋል። አንድ አገልጋይ የበሬ ቆዳ ያነጥፋል። ፓትሮክለስ ቀስቱን በቢላ ቆርጦ ያወጣል፣ ደሙን ለብ ባለ ውኃ ያጥባል፣ መራራ ሥር በእጁ አሽቶ ቁስሉ ላይ ያደርጋል፤ ደሙ ይቆማል። ጀግንነትን በጦርና በሰይፍ የሚለካ ገጣሚ ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ቦታ መስጠቱን ችላ ማለት የለብንም። የ12ኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ቃላትም ወደዚሁ አስታማሚ ይመለሳሉ።

በ15ኛው መጽሐፍ ስናገኘው አሁንም እዚያው ነው፤ መድኃኒት እየቀባ በጨዋታ ያጽናናዋል። ትሮያውያን ቅጥሩን ጥሰው ሲገቡ ያያል፤ ጭኑን በእጁ ይመታል፣ ይጮኻል። የምትፈልገኝ ብትሆንም ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም፣ አገልጋዩ ያጫውትህ ብሎ ይወጣል። ማስታመሙን አልጨረሰም። ገጣሚው አይወቅሰውም፤ እኔም ልወቅሰው አልነሣም፤ ሆኖም ጥዬህ አልሄድም ብሎ የነበረ ሰው ጥሎ መሄዱ መጻፍ አለበት።

ወደ ዋናው ማስረጃ ደረስን። በ16ኛው መጽሐፍ ፓትሮክለስ እያለቀሰ አኪሌስ ፊት ይቆማል። አኪሌስ የእናቷን ቀሚስ ይዛ እንደምታለቅስ ሕፃን ሆንህ ብሎ ይቀልድበታል። ፓትሮክለስ የቆሰሉትን ይዘረዝራል፦ ዲዮሜዴስ፣ ኦዲሴዎስ፣ አጋሜምኖን፣ ኤውሪጲሎስ። ማካዖን የለም! የተላከው «ማካዖን ነውን?» ብሎ እንዲጠይቅ ነበር፤ መልሱን በዓይኑ አይቷል፤ አልተናገረም። ሐኪሞች ቁስለኞቹን እያከሙ መሆናቸውን እንኳ ይጠቅሳል፤ ከሐኪሞቹ አንዱ መቆሰሉን ግን አይልም። አኪሌስም መልሶ አይጠይቀውም።

በቃል የሚያዜም ገጣሚ ረስቶ ነው የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን የሌለው ስም ቦታ ባዶ አልቀረም፤ ኤውሪጲሎስ ገብቶበታል፣ ከእነ ቁስሉ ቦታ፣ ጭኑን በቀስት ተብሎ። የንግግሩ መጨረሻ ኔስቶር ያስጠናው ነው፣ ከሞላ ጎደል ቃል በቃል። ከዚያ በፊት የሚመጣው ግን የራሱ ነው፤ አንተን የወለዱህ ፔሌውስና ቴቲስ አይደሉም፣ ባሕርና ገደል ናቸው እስከማለት ይደርሳል። ልጅ ሳለ በጠጠር ጨዋታ ተጣልቶ ሰው የገደለ፣ በዚያ ሰበብ በፔሌውስ ቤት ተጠግቶ ያደገ ሰው፣ ለጌታው ልጅ ይህን ለመናገር ከኔስቶር ምክር የበለጠ ነገር ያስፈልገዋል። በቀጥታ ሮጦ ቢመለስ ኖሮ የማካዖንን ስምና የኔስቶርን ሐሳብ ብቻ ይዞ ይደርስ ነበር። የሌላ ሰው ደም በእጁ ላይ ሳለ ግን ማን ቆሰለ የሚለው ጥያቄ አንሶበታል።

ሲሞን ቬይ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመችው መጣጥፍ ግጥሙን ሰውን ወደ ዕቃነት የሚለውጥ የኃይል ታሪክ አድርጋ አንብባዋለች። የኤውሪጲሎስ ጎጆ ለዚህ ንባብ አስቸጋሪ ነው። እዚያ ያለው ሥጋ የሚታጠብ፣ መድኃኒት የሚደረግለት፣ ጨዋታ የሚነገረው ሥጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአኪሌስን ሐዘን ከቬትናም ዘማቾች ሕመም ጋር ያነጻጸረው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆናታን ሼይ ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል፤ አኪሌስ ያጣውን ሰው ማንነት እንድናይ አድርጎናልና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የተሠራ፣ የሶስያስ የሚባለው የአቴና ጽዋ ዛሬ በርሊን ይገኛል። ሥዕሉ ላይ አኪሌስ ጎንበስ ብሎ የፓትሮክለስን ክንድ በጨርቅ ያስራል፤ ፓትሮክለስ ሕመሙን ላለማየት ፊቱን አዙሯል። ይህ ትዕይንት በ«ኢሊያድ» የለም። በግጥሙ ውስጥ አኪሌስ የተማረውን መድኃኒት በማንም ላይ ሲጠቀም አናየውም፤ ጥበቡ የሚታየው በፓትሮክለስ እጅ፣ ያውም አንድ ጊዜ፣ ኤውሪጲሎስ ጭን ላይ ነው። ፓትሮክለስ ከዘረዘራቸው አራት ቁስለኞች ሦስቱ በ19ኛው መጽሐፍ ወደ ሸንጎ ይመጣሉ፤ ዲዮሜዴስና ኦዲሴዎስ ጦራቸውን ተመርኩዘው እያነከሱ፣ አጋሜምኖን ከሁሉም ኋላ። አራተኛው ዳነ ወይስ ሞተ፣ ገጣሚው አይነግረንም።