ዲፌንደርን ማን አጠፋው?

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ በነበረበት ሰሞን ላፕቶፕ ተገዛላት። ያገለገለ ነው፤ ለእሷ ግን አዲስ ነው። ቤት አምጥተን ስንከፍተው መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ከታች በስተቀኝ ባለችው የጋሻ ምልክት ላይ ነበር። ቀይ መስቀል አለባት። ገባ ብዬ ሳይ ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውሱ የራሱ ጥበቃ ጠፍቷል። በቦታው በክራክ የተጫነ፣ የቫይረስ ዝርዝሩ ከታደሰ ወራት ያለፉት ሌላ ፀረ ቫይረስ ተቀምጧል። ሱቁ ጋ ደወልኩ። ልጁ አልደበቀኝም፦ «ጋሼ፣ ዊንዶውሱን አክቲቬት ለማድረግ እኮ ዲፌንደር መጥፋት አለበት። ደግሞም እሱ ምንም አይሠራም፤ እኔ የጫንኩት ይሻላል።»

«ምንም አይሠራም» የሚለውን ፍርድ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ እውነት ነበረው። ማይክሮሶፍት ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ የተባለውን ነፃ ፀረ ቫይረስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2012 መገባደጃ ላይ ጀርመን አገር ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስት የተባለ የፍተሻ ተቋም የብቃት ምስክር ወረቀቱን ነፈገው። በዚያው ዓመት ከዊንዶውስ 8 ጋር አብሮ የመጣው ዲፌንደር ይህንኑ መጥፎ ስም ወረሰ። በዚያ ዘመን ጥገና የተማረ ባለሙያ ያን ጊዜ የያዘውን ግምት እስከ ዛሬ ይዞት ቢቆይ አይፈረድበትም። ሶፍትዌሩ ግን ባለበት አልቆመም። ያው ኤቪ-ቴስት በቅርብ ዓመታት ፍተሻዎቹ ለዲፌንደር ከ18 ነጥብ 18 ደጋግሞ ሰጥቶታል። ይህ ገንዘብ የሚከፈልባቸው ታዋቂዎቹ የሚያገኙት ውጤት ነው።

ጥንካሬው ከየት መጣ ብንል፣ ብቻውን አለመሥራቱ ነው። የማያውቀው ፋይል ሲገጥመው በኢንተርኔት ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ይጠይቃል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ በሴኮንዶች ውስጥ ይመጣል። ለእኛ ቤት ትልቁ ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ፀረ ቫይረሶችን ከኢንተርኔት ጋርና ያለ ኢንተርኔት ለየብቻ ይፈትናል፤ ዲፌንደር ግንኙነቱ ሲቋረጥበት ከቀዳሚዎቹ ወደ ኋላ ሲቀር በተደጋጋሚ ታይቷል። ዳታ በቀን ጥቅል እየገዛ፣ ላፕቶፑን በሳምንት አንዴ ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ ተማሪ ዲፌንደርን ከነሙሉ ኃይሉ አያገኘውም። ይህን ሳይናገሩ ዲፌንደር ይበቃል ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጉድለት ፍላሽን ይመለከታል። እኛ አገር ቫይረስ የሚመጣው ከኢሜይል ይልቅ ከፎቶ ኮፒ ቤትና ከጓደኛ ፍላሽ ነው። ሾርትከት ቫይረስ የምንለውን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቀዋል፣ በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ባለቤቱ ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱም ይነሣል፣ ፎልደሩም ይከፈታል፤ ስለዚህ ምንም የተለወጠ አይመስለውም። ዲፌንደር አንድ ፋይል ሲከፈት ያየዋል። ነገር ግን ሙሉ ስካን ሲታዘዝ፣ ሴቲንጉ ካልተለወጠ በቀር፣ የተሰካውን ፍላሽ አልፎት ይሄዳል። ስሙ ሙሉ ነው፤ ፍላሹ ግን አይነካም። በየቀኑ ፍላሽ ለሚሰካ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው ፍላሹን ከመክፈት በፊት በቀኝ ክሊክ ለብቻው ማስፈተሽ ነው፤ ይህን ለአዲስ ተጠቃሚ የሚነግረው ግን የለም።

ሦስተኛውን ነገር ሳስበው እበሳጫለሁ። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቀው ራንሰምዌር የሚከላከል፣ ያልታወቀ ፕሮግራም የሰነድና የፎቶ ፎልደሮችን እንዳይነካ የሚያግድ ጥሩ መሣሪያ ዲፌንደር ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ። ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ የሚበራበት ቦታም ሴቲንጉ ውስጥ ርቆ ተቀምጧል። ሲበራ አንዳንድ ደህና ፕሮግራሞችንም ስለሚያስቆም ይመስለኛል ማይክሮሶፍት ያላበራው። የመመረቂያ ጽሑፏን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ለያዘች ልጅ ግን አልፎ አልፎ «ፍቀድ» ብሎ መጫን ጽሑፉን ከማጣት በእጅጉ ይቀላል። ከዚህ ሌላ፣ አራት ጊጋ ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ስካኑ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል የሚለው ወቀሳም እውነት ነው።

ታዲያ ሌላ ነፃ ብንጭንስ? ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው አቫስትን ነው። ፕራግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ተጀምሮ ከ2001 ጀምሮ በነፃ ለቤት ተጠቃሚ የቀረበ፣ ለብዙ ዓመታት የተመሰገነ ሥራ ነው። ቫይረስ መያዙ ላይ ዛሬም አያሳማም። ነገር ግን ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፍ ኩባንያው በኩል የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ጉብኝት መረጃ ይሸጥ ነበር። ጋዜጠኞች በጥር 2020 ሲያጋልጡት ጃምፕሾት ተዘጋ፤ በየካቲት 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ እንዳይሸጥ ወሰነበት። ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ከሰላይ ይጠብቀኛል ብለን ቤታችን ያስገባነው ሶፍትዌር የጎበኘነውን ገጽ መዝግቦ ሸጧል። ከዚህ ሸሽቶ ወደ ኤቪጂ ወይም ወደ አቪራ የሚሄድ ሰውም ይወቀው፤ አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራና ኖርተን ዛሬ ጄን ዲጂታል በተባለ በአንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። ሲመርጥ የዋለ ሰው የአንድ ባለቤት ዕቃ ነው የመረጠው። እርግጥ ዲፌንደርም የአጠራጣሪ ፋይሎችን ናሙና ወደ ማይክሮሶፍት ይልካል፤ የማይወድ ሰው ሴቲንጉ ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል።

ካስፐርስኪም ነፃ እትም አለው፤ ፍተሻዎች ላይም ጠንካራ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ግን አይጫኑት፦ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ሽያጩን አግዶ ከመስከረም 29 ጀምሮ ዝማኔ እንዳያገኝ አድርጓል። የኢንዶኔዥያው ስማዳቭ ለፍላሽ ይረዳል፣ ትንሽና ቀላል ነው። ራሱ እንደሚለውም ከሌላ ፀረ ቫይረስ ጎን የሚቆም ተጨማሪ መከላከያ እንጂ ዋናውን የሚተካ አይደለም፤ ነፃው እትሙም ራሱን በራሱ አያድስም።

የሱቁ ልጅ ስህተት ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። አክቲቬተር የሚባለው ክራክ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም ነው፤ ለመግባትም መጀመሪያ ጠባቂውን አጥፋልኝ ይላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አስፈላጊም አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋብሪካው ዊንዶውስ ጭኖ በሸጣቸው ላፕቶፖች ላይ የፈቃዱ ቁልፍ ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ ተመሳሳዩ እትም እንደገና ሲጫን ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱን በራሱ አክቲቬት ያደርጋል። የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ አጽድቼ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርጄ ስጭነው የሆነውም ይኸው ነው። ክራክ አላስፈለገም። ፀረ ቫይረስም አልጨመርኩም። ዲፌንደርን አብርቼ፣ የፎልደር ጥበቃውን ከፍቼ፣ ዳታ በገዛች ቁጥር ከማንኛውም ነገር በፊት አፕዴት እንድታደርግ አስጠነቀቅኳት። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ሲያተራምስ፣ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ማስታወሻዬ በሙሉ ሾርትከት ሆኗል!» ፕሪንት ለማድረግ ፍላሿን አንድ ቤት ሰክታ ነበር። ላፕቶፗ ላይ መልሳ ስትሰካው በቀኝ ክሊክ አስፈተሸችው፤ ዲፌንደር ቫይረሱን ይዞ አጠፋው። አሁን ፍላሹ ባዶ ይመስላል። ፀረ ቫይረስ ቫይረሱን ያጠፋል እንጂ የተደበቀውን ፎልደር አይገልጥም። አትሪብ የምትባለውን የቆየች ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገርኳት፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ጻፈች። ፎልደሮቿ ተራ በተራ ብቅ ሲሉ እየጠራች ነገረችኝ፦ ካልኩለስ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ።