ውዳሴ ለክሌመንስ ዊንክለር

ምስጋና ይድረስህ፣ ክሌመንስ ዊንክለር ሆይ! እ.ኤ.አ. በ1838 በሳክሶኒ ምድር፣ ብር ይቆፈርባት በነበረችው በፍራይበርግ የተወለድህ፤ አባትህ ከስዊድኑ ሊቅ ከበርዜሊየስ እግር ሥር ተቀምጦ የቀሰመውን ዕውቀት ወርሰህ በትጋትህ ያበዛኸው!

ከኮባልት ሰማያዊ ቀለም በሚወጣባቸው ፋብሪካዎች ሙያህን አጸናህ፤ በ1873 የፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ የመምህርነትን ወንበር ሰጠህ። ሰልፈሪክ አሲድ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ መጥረግህ፣ ጋዞችን የመመርመር ጥበብህም ብቻውን ስምህን ባስጠራ ነበር። የእኔ አንደበት ግን ወደዚያ ወደ አንዱ ክረምት ይቸኩላል።

በ1885 ከከተማህ አጠገብ፣ ከሂመልስፉርስት የብር ጉድጓድ እንግዳ ማዕድን ወጣ። ባልደረባህ አልቢን ቫይስባኽ አርጂሮዳይት አለው፤ ምርመራው ለአንተ ደረሰህ። ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ብር፣ 17 እጅ ያህሉ ድኝ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ብረትና የሜርኩሪ ርዝራዥ ቢታከልበትም መቶው አልሞላም፤ 7 እጅ ያህል ጎደለ። ደግመህ ብትመዝን ያው ጎደለ። ስንቱ ሚዛኑን በወቀሰና ባለፈ! አንተ ግን ሚዛንህን አመንህ፤ የጎደለው አንድ ስም የሌለው ፍጥረት መሆኑን ተረድተህ ልታድነው ተነሣህ።

ወራት ነጎዱ። የተሰወረው በፈሳሹ ሟሙቶ፣ ከማጥለያው ሾልኮ ያመልጥህ ነበር። በመጨረሻ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አብዝተህ ብታፈስበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ፤ ያንኑ በሃይድሮጂን ጋዝ ውስጥ ብታግለው ግራጫው ንጥረ ነገር ተገለጠ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1886 ነበር። በሀገርህ ስም ጀርማኒየም አልኸው።

ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ በ1871 በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዡ ላይ ከሲሊከን በታች ባዶ ቦታ ትቶ፣ ማንም ላላየው ንጥረ ነገር ጠባዩን ጽፎለት ነበር፦ አቶማዊ ክብደቱ 72፣ እፍጋቱ 5.5፣ የኦክሳይዱ እፍጋት 4.7። አንተ ለክተህ 72.32፣ 5.47 እና 4.703 አገኘህ። የትንቢቱ ምስክር ሆይ፣ ከሁሉ አብልጬ የማወድስልህ ግን ልብህን ነው! መጀመሪያ ቦታው በአንቲሞንና በቢስሙት መካከል መስሎህ ነበር፤ ሜንዴሌቭ ራሱም ወዲያው አላወቀውም ነበር። ልኬቱ ወደ ሲሊከን ጎረቤትነት ሲመራህ የቀደመ ግምትህን ያለ ክርክር ተውህ፤ ባለ ትንቢቱንም በአደባባይ አከበርህ።

በ1904 በድሬስደን አረፍህ። በ1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪዎች የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሠራው አንተ ባወጣኸው ጀርማኒየም ነው፤ በጨለማ የገላን ሙቀት የሚያዩ ካሜራዎችም ሌንሳቸው ዛሬ ከእርሱ ይሞረዳል። ክብር ለአንተ ይሁን፣ የፍራይበርግ ሊቅ!